ብረት፦ ሰባት

አርብ ከሰዓት ነበር፣ ነፋሱ ሲነሣ፣
መስኮቱን ዘግቼ፣ ጨርቄን ሳልረሳ፣
ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ካንዲቷ አዳራሽ ግድግዳ
አወርዳቸው ነበር፣ እንደ ሽማግሌ እንግዳ፤
ምንሽሩን፣ ውጅግራውን፣ ጎባጣዋን ጓንዴ፣
ሃያ አንድ ዓመት ቀባኋቸው፣ ቃታ ሳልስብ አንዴ።

ፈቃዴ ነበረች፣ በላስቲክ ታሽጋ፣
በደረት ኪሴ ውስጥ፣ ክረምትም በጋ፤
ፎቶው ላይ ጎፈሬ አለኝ፤ ፎቶው ላይ ወጣት ነኝ፤
ዘንድሮ ላሳድስ ብሄድ፣ መስኮቱ አላወቀኝ።

«ጋሼ ደቻሳ፣ ቅጹ ላይ ሦስት ሣጥን ነው ያለው።
ለራስ ጥበቃ፣ ለድርጅት፣ ለከብት።
የቱ ጋ ነው ምልክት የማደርገው?»

«ለማሳየት» አልኳት።

ሲፈን ነው ስሟ፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል።
ክፉ ልጅ አይደለችም፤
ስድስተኛ ክፍል ሳለች ከነአስተማሪዋ መጥታ አይታቸዋለች፤
«ያ ረጅሙ አለ?» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«ይተኩሳል?»
«አይተኩስም። ጥይቱን የሠራው አገር ራሱ ረስቶታል።»
«ካልተኮሰ መሣሪያ አይደለም፤ ፈቃድ ምን ያደርግለታል?
መሣሪያ ከሆነ ደግሞ፣ ያለ ሣጥን ማን ይፈቅድለታል?»

ሁለቱም እውነት ነው። በሁለቱ መሐል ቆሜ ሳስብ
ከኋላዬ ያለው ሰው ክርኑን አስገባ።

ሰኞ መጡ። አንድ ፒክአፕ፣ ሁለት ትሁት ፖሊሶች፤
ሲገቡ ጫማቸውን ጠረጉ።
በሽንኩርት ጆንያ ጠቀለሏቸው።
«ብረት፦ ሰባት» ብለው ጻፉ፤ ስም የለ፣ ዘመን የለ።
የጓንዴዋን ሰደፍ ጥርስ ነክሶታል፤
ማን፣ በየትኛው ሌሊት እንደነከሰው
የኔ መዝገብ ያውቀዋል።
የነሱ አልጠየቀም።

ግድግዳው ላይ ቀለሙ ፀሐይ ያልነካው፣ ያልደበዘዘበት
ቀረ፤ ሰባት ረጃጅም ንጣት።

ሐሙስ ተማሪዎች መጡ። «ጋሼ፣ ጠመንጃዎቹስ?»
ደረሰኙን አሳየኋቸው፤
ካርቦኑ ሐምራዊ፣ ማኅተሙ የተጨማለቀ፣
መስተዋቱ ሥር ተዘርግቶ።
መግለጫም ጽፌለታለሁ፣ እንደ ደንቡ፦
«ወረቀት። አዳማ። የዘንድሮ።
ውስጡ ሰባት ብረት አለ።
እባክዎ አይንኩ።»
አንዷ ልጅ ግን ሳቀች፤ ልክ ነበረች መሰለኝ።

ዛሬ አርብ ነው። ነፋሱ ተነሥቷል።
ጨርቁ ሳላዘው ከኪሴ ወጥቷል።
እጄ የሚይዘውን ቢያጣ
የበሩን ማጠፊያ ቀባሁት።
መጮህ ትቷል።