ሸምበቆው ይመለሳል

ጥር ሲጋመስ አባቴ ይወርዳል ቦርከና፣
ማጭዱን ከብብቱ፣ እኔን ከኋላው አድርጎና።
«ለጋውን ተይው፤ እሱ ገና ውሃ ነው፣
ጥፍርሽን ሲሰማ የሚመልስልሽን ቁረጪው።»
ይመታዋል በጣቱ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣
ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም፤ ያልፋል አንዱን ትቶ።

አርባ ቆርጠን፣ አሥራ አንድ መርጠን ስንወጣ
ከጨርቃ ጨርቅ የሚመለሱ ፈረቃ ለዋጮች ያዩናል፤
«ሙሄ! ዘንድሮስ ማንን ልትወጋ ነው?» ይሉናል።
እሱ አይመልስም። ጭነቱን ከትከሻ ትከሻ አዛውሮ
ያልፋል፣ ሰላምታውን በቅንድቡ ነግሮ።

ሁለት ወር ጣራ ሥር፣ ከጥላ ይተኛል፤
ፀሐይ ያየ ሸምበቆ ይሰነጠቃል ይላል።
ከዚያ በቆርቆሮ ጣሳ ትንሽ ፍም፣
ከቄራ የተለመነ ሞራ፣
ማሻ ጨርቅ።
ሾርባ የሚደፋ፣ ሳህን የከበደው እጅ
አንጓው ላይ ሲደርስ ይረጋል፣ እንደ ልጅ
እንቅልፍ እንደጣለው።
ከማዶ ሐረጎ፣ መኪና የሚያቃስትበት ዳገት፤
እሱ በዚያ ጠመዝማዛ ትይዩ ይለካል ቅንነት፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ።
አንጓውን የሚፍቀው በጠርሙስ ስባሪ ነው፤
የቢራ ነው፣ ከመንገድ የለቀመው፣
ቀምሶት የማያውቅ ሰው።

ሸምበቆ ብቻውን አይወጋም። ባዶ ነው፤ ይበራል እንጂ
አጥንት ሲያገኝ ይደቃል።
ስለዚህ ወይራ፤ ከቃሉ ገጠር፣ ከአክስቴ አጥር፣
ስንዝር ተኩል፣ ቢላ የሚያዶለድም፣ ሽታው ጣት ላይ የሚያድር።
ጅራቱን ያቀጥነዋል፣ ለሸምበቆው ሆድ እንዲመች፤
«ሰርግ እንጂ ጠብ አይደለም፤ በግፊያ የገባች
ሙሽራ የት ቤት ቆየች!»

የሸምበቆውን አፍ ያስራል፤ ጅማት ነበር እዚያ አገር፣
እዚህ ግን ከማሽኔ ሥር የምለቅምለት ጥራጊ ክር።
ወይራውን ግን በሙጫ አያጣብቀውም።
«ለምን?» ስለው ዓመት ሙሉ ሰምቶኝ አያውቅም።

እዚያ አገር። እንዲህ ብቻ ነው የሚጠራው፤
ፓዌ አይልም፣ ሰፈራ አይልም፣
ሰባ ሰባትን በስሙ አያነሳው።
አንድ ሌሊት ግን፣ መብራት ሄዶ፣ ሻማው ሲቀልጥ፣ ነገረኝ፦
«አንድ ጉሙዝ ነበር። ስሙ ለምላሴ ከበደኝ፣
ወንድሜ አልኩት። እሱም በቋንቋው አንድ ነገር አለኝ፤
ምን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። ቀስት ግን አስተማረኝ።»

አንዱን ፍላጻ አነሳና
ግራ ቀኝ ወዝውዞ ወይራውን ከሸምበቆው ለየ።
«አውሬው ሲመታ ይሮጣል። ቁጥቋጦ ሲጠልፈው
ሸምበቆው ይወድቃል፤ ወይራው ነው ሥጋ ውስጥ የሚቀረው።
አዳኙ ሸምበቆውን ለቅሞ ሌላ ወይራ ይሰካበታል።
ሸምበቆ ዕድሜው ረጅም ነው፤
ሁልጊዜ ይመለሳል።»

ከጓዳ ሳህን ስታጥብ የነበረች እናቴ
ውሃውን አቆመች።
ጦይባ የምትባል፣ ከእኔ በፊት የተወለደች፣
በአራት ዓመቷ፣ በወባ፣ እዚያው አፈር የቀረች፣
አውቃታለሁ፤ በጎረቤት ወሬ፣ ቃል ሲያመልጥ በለቅሶ ቤት፤
ማንም አልነገረኝም ፊት ለፊት።
እነሱ ተመለሱ። በሰማንያ ሦስት፣ በጭነት መኪና፣
ባዶ እጃቸውን፣ ቀለው፣
የሐረጎን ዳገት ወርደው።

አሁን ፍላጻዎቹ ግድግዳው ላይ ናቸው፤ መቶ ያልፋሉ።
ደጋን ግን ሠርቶ አያውቅም።
የቤት አከራዩ አንድ ቀን ቆጥሯቸው
«ይሄ ሁሉ ጦር መሣሪያ ነው» ብሎ ስቋል።

ትናንት ከሌሊት ፈረቃ ስገባ፣ ተኝቷል ብዬ፣
አንዱን አወረድኩ። ወይራውን ነቀልኩት፤ ምንም አላስቸገረም፤
እንደ ወተት ጥርስ ወጣ።
በሸምበቆው አፍ ላይ፣ እንደው፣ ተነፈስኩ።
ድምፁ ቀጭን ነበር፣ የሚጠራ ሰው ይመስላል፤
አባቴ ከአልጋው ቀና አለ፣
በሩን አየ፣ እኔን አየ፣
«መልሺው» አለኝ።

ወይራውን ይሁን ሸምበቆውን
አልለየም።