ሁለተኛውም ይሙቅ

ነሐሴ ነው፤ ደሴ ገና አልነጋላትም፣
ጦሳ የደረበባትን ጉም አላነሳላትም።
እኔ ግን ሜዳ ነኝ፤ በሁለት ድንጋይ መሐል፣
ጓንት የለ፣ ምን የለ፤ ጣቴ የሰው ጣት መስሏል።
ሰኢዳ ትመታለች። ኳሷ እርጥብ ናት፣ ከባድ፣
መዳፌን ትገርፋለች እንደ ራሰ ገመድ።
ያዝኋት ስል ታመልጣለች፣ ሾልካ ወደ ኋላ፣
ጋሽ አራጋው ይጮኻሉ፦ «እጅ ነው ወይስ ዱላ?»

እጅማ ነበረኝ፤
ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ከጉያዬ ያስቀመጥሁት፣
ጠዋት ስነሳ ግን ብርድ ተከራይቶት አገኘሁት።

የምርጫ ቅጽ ወጣ አሉ።
ከሆጤ እስከ ሰኞ ገበያ ወሬው ይኸው ሆነ፤
ማን የት ሞላ? ማን ሰረዘ? ማንስ የት ወሰነ?
አንዷ ጎንደርን ትላለች፣ አንዷ ባሕር ዳርን፣
ኑርዬ የሚያጠያይቀው ወጥ የሚወፍርበትን።
እኔ የወንድሜን አትላስ ከአልጋ ሥር አወጣሁ፤
ደጋው ቡናማ ነው፣ ቆላው አረንጓዴ፤ አየሁ።
ጣቴ ሳይጠይቀኝ ከቡናማው ሸሸ፣
ቁልቁል፣ ቁልቁል ወርዶ፣
ሁለት ሐይቅ መሐል ደርሶ እዚያው አመሸ።

አርባ ምንጭ።
አይቼው አላውቅም። የነገረኝ ሲራጅ ነው፣ ባጃጅ ነጂው፤
እዚያ የተማረች እህት አለችው።
«ግቢው አገር ነው» ይላል፤ «በልተሽ ከካፌ ስትወጪ፣ ዶርም ሳትደርሺ ይርብሻል ዳግም፤
ከተማሪው ብዛት ስምሽን የሚያውቅ አታገኚም።»
እሱስ ለማስፈራት ነበር። እኔ ግን ወደድሁት፤
ስሜን የሚያውቅ ሰፈር ነው ኮ ያደግሁበት፣
ኳስ ይዤ ባለፍሁ ቁጥር «ያቺ የእንድሪስ ልጅ» ሲል የሰማሁት።
«ሙቀቱስ?» «ማታ አንሶላ ራሱ ይበዛል።»
«ኳሱስ?» ሳቀ። «ግጥሚያ ያለ ቀን ክፍሉ ባዶ ይውላል።
ሴቶቹም...» አለ፤ ሰው ጠራው፤
ባጃጁን አስነስቶ ሄደ፣ ወሬውን ሳይጨርሰው።

ለአባቴ ያልሁት ግን «የውሃ ምህንድስና» ነው፤
ውሸት አልነበረም፤ እውነቱ ግን ከሥሩ ሌላ ነው።
የልብስ ስፌቱን አቆመ። ፔዳሉ ላይ እግሩ ቀረ።
«ወሎ ዩኒቨርሲቲ» አለ፣ ክሩን በጥርሱ እየቆረጠ፣ «ይኸው ከደጃችን ሥር፣
በእግርሽ ሄደሽ፣ ማታ እናትሽ ጋ ማደር።
ደግሞ ሙቀት ከሆነ ያማረሽ፣
ኮምቦልቻም አለልሽ፤ ቁልቁል ነው፣ ሐረጎን ዞረሽ።»

ሙቀት?
አላልሁትም እኮ! ከየት አመጣት ቃሏን?
ቀና ስል እጄን ያያል፤ የተሰነጠቀ ጣቴን።
«እኔም በነሐሴ» አለኝ፣ «ክር ማስገባት አልችልም፤
ፀሐይ ሱቁን እስክትነካ መርፌ ቢወጋኝ አይሰማኝም።»
ሌላ አልተናገረም።

በማግስቱ ፒያሳ። ጃንጥላው አንድ፣ እኛ ሁለት፤
የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ከጀርባው ያ ሁሉ ሰልፍ አለበት።
«ምርጫ አንድ?»
«አርባ ምንጭ።» ጻፈ።
መብራት ጠፋ። መጣ። ደግሞ ጻፈ።
«ሁለት?»
ለአባቴ ስል «ወሎ» ልለው ነበር፣
ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ሲሰበር፣
አባቴ ቀደመኝ፣ የራሰ እጅጌውን እየጠመዘዘ፦
«ሁለተኛውም ይሙቅ» ብሎ አዘዘ።
ልጁ ሳቀ። «ድሬዳዋ?» «እሱን በል።» «ሦስተኛስ?»
«ሦስተኛው ወሎ ይሁን። እናቷንስ በምን ላጽናናት፣ እስኪ በምን ልመለስ?»
«አላህ ያግራው» አለና አምስት ብር ጨመረለት፣
ልጁ «በዛ» እያለ በግድ ተቀበለለት።

ምደባው ገና ነው። ጉሙም እንዳለ ነው።
ትናንት ሌሊት ሲንጀሩ ሲንኳኳ ነበር፤ ምን ሆኖ ነው?
ጠዋት ጫማዬ ላይ ሁለት ጓንት ተቀምጧል፤
ከአሮጌ የዝናብ ካፖርት፣ ውስጡ ጥጥ ተደርጓል።
የግራው አውራ ጣት ጠማማ ነው፤
ክር እምቢ ያለው ቦታ ይታያል፣ ሦስቴ የደገመው።

ሜዳ ነኝ። በሁለት ድንጋይ መሐል።
ሰኢዳ ትንደረደራለች፣
ትመታለች።