መንጃ ፈቃድ

በሱ ፎልስ ከተማ፣ ጥር ሲጋመስ ግድም፣
ብርዱ ብረት ሲነክስ፣ ደጅ ላይ ሰው በማይቆም፣
ከሥጋው ፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ
ወጥቼ እየነዳሁ፣ ልቤ እንዳልነቃ፣
ለኪዳን ልደርስ ስል፣ ከደብራችን ጓሮ
ጎማው በረዶ ላይ ተንሸራቶ ዞሮ
የቆመች መኪና ጎኗን ገጨሁና
ቀኝ ግራ ዐየሁኝ፤ ሰው አልነበረምና
መብራቴን አጥፍቼ መኪናዬን ደበቅኩ፤
ነጠላ አጣፍቼ ከሰው መሀል ቆምኩ።
«እግዚኦ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ካጠገቤ ካለው
ሰው ሁሉ አስበልጬ፤ ድምፄን ማን ሊችለው!

መኪናዋ የሎይስ፣ የዚያች ጎበዝ ባልቴት፣
እሑድ ቀድማ መጥታ የምታሞቅልን ቤት።
ሃይማኖቷ ሌላ፣ ሉተራን ናት እሷ፤
ከበሮ ሲመታ ግን ይወዛወዛል ራሷ።

«ማን ገጨ?» ተባለ። ጣት ዞረ ወደ ያፌት፣
ፈቃድ ከያዘ ገና ያልሞላው ሦስት ሳምንት።
በአባቱ ቫን መጥቶ ጎኗ ነበር የቆመው፤
ቢምልም፣ ቢያለቅስም፣ ማንም አላመነው።
አባቱ ኩሩ ሰው፣ «ልጄ ዕዳ አይበላም፣
ጠርጎ ይከፍላታል፣ ሌላ ነገር የለም»
አለና ፈረደ። ያፌት ቅዳሜውን
አካፋ ተሸክሞ ይጠርጋል ደጇን።
አባትየው ከዚያ ወዲህ ከኋላ ነው የሚቆም፤
ፊት መቆም የለመደ፣ የሰው ዐይን አይችልም።

እኔስ? እኔማ ጾምኩ! ዐቢይ ጾም ሲገባ
መቶ ስግደት ሰገድኩ፣ ዐይኔ እስኪያመጣ እንባ።
ጉልበቴ ቆሰለ፣ ግንባሬ ጠቆረ፤
የዚያች በር ስርጉዷ እዚያው እንዳለ ቀረ።
ስግደት ብረት አያቀና፣ እንባም ቀለም አይሆን፤
ሳውቀው አላወቅሁም ብዬ ሸወድኩ ራሴን።

አንድ ቅዳሜ ሳልፍ በዚያ በሷ መንደር
ጓንቱ የተቀደደ ልጅ ከበረዶው ዳር
እጁን አውለበለበ፣ «ጋሼ!» ብሎ ጠራኝ፤
ከጥፊ የባሰ ሰላምታ አደማኝ።

ቀሲስ ኅሩይ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው በሥራቸው
የተማሪ አውቶቡስ የሚነዱ ሰው ናቸው።
«ሰይጣን አሳሳተኝ፣ አባቴ!» ስላቸው
መስቀሉን ዝቅ አርገው፣ ፈገግ አለ ፊታቸው።

«መንጃ ፈቃድ አለው ሰይጣን በዚህ አገር?
መሪ ጨብጦ ነው ወይስ ከኋላ ነበር?
ስሙ ማን ላይ ነው የኢንሹራንሱ ነገር?»

ከዚያ ፈገግታቸው እንደ ሻማ ጠፋ።
«አዳም ‹የሰጠኸኝ ሴት› ብሎ ራሱን ሊያተርፋ፣
እሷም ‹እባቡ ነው› ብላ ጣት ቀሰረች፤
እባቡ ጣት የለው፣ ነገር እዚያ ቆመች።
አንተ ግን ጣት አለህ፤ ወደ ደረትህ መልሳት።
ሰይጣን ሹክ ይላል እንጂ፣ ቁልፍ አያዞርም ለሞተር እሳት።
ስግደት አልጨምርም፣ ሰገድክ፣ ይበቃሃል፤
ሁለት በር አንኳኳ፤ ያኔ ይከፈትልሃል።»

ለሎይስ ነገርኳት። ዝም አለች ረጅም።
«ያ ልጅ ያውቃል?» አለች። «ገና አልነገርኩትም።»
«ከሱ መጀመር ነበር» አለችኝ ባልቴቷ።
አልጮኸችም፤ ዝምታ፣ ያ ነበር ቅጣቷ።

ያፌት ደጇ ላይ ነው፣ ቅንድቡ በረዶ ለብሷል፤
ነገርኩት ሁሉንም። ትንፋሹ ይጨሳል።
ለአባቱም እንደምነግር፣ በሰው ፊት፣ እሑድ ነገ፣
ለቤተ ክርስቲያኑም ቃሌን ሰጠሁ፤ እሱ ምንም አልፈለገ።
«ስድስት ቅዳሜ» አለ፤ ሌላ ቃል አልወጣው።
አካፋውን ሰጠኝ፤ እጄ ላይ አኖረው።

በረዶው ይጥላል።
ጠረግሁ።
ከኋላዬ ሞላ።
ዞሬ ጠረግሁ።