ለክፉ ቀን

ዱሉዝ ላይ፣ በጥር፣ ሐይቁ በረዶ ለብሶ፣
የሎርና ሆገን ማሞቂያ ሲያቃስት አምሽቶ ዝም አለ ጨርሶ።

ሎርና አልደነገጠች፤ በስፌት ሣጥኗ፣
ከአዝራሮቹ ሥር አለላት፣ ለክፉ ቀኗ
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያቆየችው ካርድ፣
ገበያ የማይወጣ፣ ዕዳ የማይወልድ።

ጠጋኙ ዌንደል ማሽኑን አስነካው።
ቀይ መብራት።
«እስቲ ድገመው።»
ቀይ።

ደወለች። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ። ከዚያ አንድ ልጅ፣
ድምፁ እንደ ሞቀ ክፍል፦
«ጥፋትም የለብዎ፣ ዕዳም የለብዎ፤
ስላልተጠቀሙበት ነው የዘጋንብዎ።
ደብዳቤ ልከን ነበር።»
(ልከዋል። ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ጣለችው ሳታየው።)

«ሳልበላ ነው እንዴ ከማዕድ ያነሣችሁኝ?»
ልጁ ወይ ሳቀ፣ ወይ አሳለ፤
«ሌላ የምረዳዎ ነገር አለ?»

ዌንደል ኮፍያውን አዙሮ አዙሮ
«በረዶው ሲቀልጥ ትከፍይኛለሽ» አለ፤
በዕቃው ካርቶን ክዳን ላይ ስሟን በእርሳስ ጻፈ፣
ፊርማ እንኳ አልጠየቀ።
እስከ ማታ ቤቱ ሞቀ።

በማግስቱ ሎርና ደጅ ቆማ፣ ጓንቷን አውልቃ፣
የመኪናዋን መስታወት በረዶ
በካርዱ ጠርዝ ፋቀች፣ ፋቀች፣
ስሟ ከላዩ እስኪላጥ፤
«ይኸው» አለችው፣ «ተጠቀምኩብህ።»