ሁለት የድንጋይ እጆች

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ከሄርማታ በላይ፣
ሁለት እጆች አሉ ከአንድ በር ጉበን ላይ፤
ከድንጋይ የወጡ፣ ክንድ የሌላቸው፣
ስንት ክረምት አልፎ ማንም ያልፈታቸው።

ሙሴ ያኒና አርመኑ ናቸው ያሠሩት፣
«የወንድማማች ቤት» ብለው የሰየሙት፤
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከውስጥ ይቆልፋሉ።
አያቴ አባ ራያ፣ ዘበኛው፣ ሲጠየቅ፦
«ይበላሉ» ይላል፣ «ይማማላሉ፤
ሲወጡ ግን ደግሞ
በፈረሱላ ሚዛን ይካሰሳሉ።»

ጣሊያን መጣ፤ ሆነ ካርታ መጫወቻ፣
የሹፌር መሰብሰቢያ፣ የጠርሙስ መክፈቻ፤
እጆቹን በኖራ ደፍኗቸው አለፈ፣
ክረምት ግን ኖራውን ልሶ አራገፈ።

ቀጥሎ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ መጋዘን።
እኛ ልጆች ሳለን
ከደጁ ተንጋለን
«ነጋዴዎች ናቸው» ተባባልን፤
«ገና አልተስማሙም፤ ጣት በጣት ቆጥረው
ዋጋ ሲማከሩ፣ ነጠላ ሸፍነው፣
ነፋስ ነጠላውን ወሰደባቸው።»

ኋላ ቀበሌ ሆነ።
በእጆቹ ላይ ማጭድ፣ መዶሻ ተሳለ፤
ቀለም የሚቀባው መሰላል ላይ ሳለ
ወንድሜን ሙዘይንን ሲያስገቡት አየ፣
ዓይኑን ወደ ብሩሹ መልሶ ቆየ።

አምስት ወር። እናቴ በመንገዱ በኩል
ባለው መስኮት ነበር ስንቅ የምታቀብል፤
ፊቱን አታየውም።
እጁ ብቻ ነበር
ሳህን የሚቀበል፣ ሳህን የሚመልስ፤
መክሳቱን በጥፍሩ ትለይ ነበር።
አንድ ቀን ሳህኑ ሳይመለስ ቀረ።
አልተኛንም።
በማግስቱ እጁ እዚያው ነበረ።

ከዚያ የስኳር ወረፋ፣ ከዚያ የቪዲዮ ቤት፣
በአንድ ብር የሕንድ ፊልም እስከ እኩለ ሌሊት።
አሁን የእድራችን ነው፤
ድንኳኑ፣ አካፋው፣ መቶ አርባ ወንበር፣
ሙስሊም ከክርስቲያን ባንድ መዝገብ የሰፈሩ፣
ለጠፋ ድስት ክዳን እስኪመሽ የሚከራከሩ።
ገንዘብ ያዧ እኔ ነኝ። ቁልፉም ከእኔ ጋር ነው።

ሙዘይን አባል ነው፤ ከቀብር አይቀርም፣
ድንኳን ይተክላል፣ ቃሬዛ ይሸከማል፣
ይህን ደፍ ግን አልፎ አያውቅም።
በየወሩ እሑድ፣ መንገድ ዳር ቆሞ፣
መስኮቱን ያንኳኳል በጣቱ ጫፍ፣ ቀስ ብሎ፤
እከፍትለታለሁ። መዋጮውን ያቀብላል፣
ደረሰኝ እቆርጣለሁ፤
«ግባ» ብዬው አላውቅም።

ባለፈው ወር ብቻ ደረሰኙን ስሰጠው
እጁን ቶሎ አልሳበም።
እኔም የእኔን አልሳብኩ።
ከበስተኋላዬ ወንበር የሚቆጥሩት
«ምነው፣ ሂሳብ ጎደለ?» አሉ።