የአንቀልባ ዛጎል

ማክሰኞ ሌሊቱን ቅዳሜ ገበያ፣
ሽቦ አነጠሰና ከልብስ ሰፊው ጉያ፣
እንጨት ለእንጨት ወሬ ሲያቀብል፣ ሲቀባበል፣
ሠላሳ አንድ ሱቅ ነደደ፣ “ምን ነበር?” እስክንል።
መኪናው መጥቶ ነበር፣ ሐሜት አላበዛም፤
መተላለፊያችን ግን ጋሪ እንኳ አያስገባም።

ሲነጋ እማዋይሽ አመድ ላይ ቁጭ ብላ፣
የሰው ወንፊት ተውሳ፣ ፍሙን ፈንቅላ፣
አርባ አንቀልባ ነበራት ለአርባ እናት ጀርባ፣
ሃያው ቀብድ ያለበት፣ ሃያው ገዢ የሚያባባ።
ቆዳው ተኮማትሮ የሌሊት ወፍ መስሏል፣
ክሩ ስሙ የለም፣ ወስፌው ግሎ ጎብጧል።

ዛጎሉ ግን አለ።

ነጭ፣ ከትናንትም ነጭ፣ አመዱን አምኖ፣
ድድ ቀዶ እንደ ወጣ የሕፃን ጥርስ ሆኖ።
“አንድ፣ ሁለት...” ትላለች፣ ቆጠራው ምን ሊሆን?
ከእሳት የተመለሰ ገንዘብ ይሁን አይሁን።

ጥላሸቱን ልታጥብ ባልዲ ውስጥ ጨመረች፤
ውኃው ተንጨረጨረ፣ ዘላ ተነሣች።
ዛጎሉ ጮኸ፣ ፈላ፣ እንፋሎቱን ተፋ፤
ባልዲው ሥር ተሰንጥቆ እንደ ሊጥ ተነፋ።
“ጋኔን ነው!” አለ አንዱ። ጓንጉል ጎንበስ ብሎ
(ሃያ ዓመት ግንብ ጠግኗል፣ መሰላል ላይ ውሎ)
“ኖራ ነው፣ እማዋይሽ።” ሳቁን ያኔ ሰማሁ፤
እኔ ጭቃ አቡኪው አብሬ ሳቅሁ፣ አፈርሁ።

“ያን ሁሉ ግንብ ያቆሙት የጥንቶቹ በምን ነው?
ድንጋይን ከድንጋይ ያስታረቀው ማነው?
ኖራ ነው። ዛጎልም የውኃ ውስጥ ኖራ፣
ያለ ቱንቢ ገመድ ቀንድ አውጣ የሠራ።
እሳት ሲመጣበት ቶሎ አይደነግጥም፤
የሚተፋው ትንፋሽ ለእሳት አይመችም።
ጊዜ ይገዛልሻል። ግድግዳ ምን አለው?
በሩን እስክታገኚ ድረስ ነው ውለታው።”

ግን የአንቀልባ ዛጎል በፍሬ ነው ዋጋው፣
ግድግዳ ለመምረግ ማን ችሎ ሊሸምተው?
ጎርጎራ ወረድን። ጣና ዳር ያለው ክምር
ነዋሪው የሞተበት ባዶ ቅርፊት ነበር።
አሣ አጥማጁ ሽባባው ተገርሞ አየንና
“ሥጋውን ትታችሁ ልብሱን? ሂዱ በጤና!”
ስድስት ኬሻ ሞላን፣ አይሱዙ ላይ ጫንን፤
ሽታው ግን እስከ አዘዞ ከሰው ሁሉ አጣላን።
ከፒያሳ ኬክ ቤት የእንቁላል ቅርፊት ለመንን፣
አጥበን፣ ፀሐይ አስጥተን፣ በሙቀጫ ወቀጥን።
አሸዋውን ቀንሰን ቅርፊቱን አስገባን፤
ኖራ፣ ጥቂት ሲሚንቶ፣ በብድር ያገኘን።

ፈተናው ቀላል ነው፣ የጓንጉል ብልሃት፦
ከፊት እሳት ማንደድ፣ ከኋላ ቅቤ መቀባት።
ቅቤው ሳይቀልጥ ከቆየ ግድግዳው ሰው ሆነ፤
ከፈሰሰ፣ ድካማችን ከቅርፊቱ ጋር ባከነ።

የመጀመሪያው ፈነዳ።

እርጥብ ነበር፣ ቸኩለን፤ ስባሪው ጉንጬን ላጠ፤
ቅቤው ከእኛ ቀድሞ ወደ ደጅ አመለጠ።
ጓንጉል አልተናገረም። ዱቄቱን ደግሞ ነፋ፤
“ኖራ ትዕግሥት ይወዳል፣” ብሎ ምራቁን ተፋ።
ሃያ ስምንት ቀን እርጥብ ጆንያ አለበስነው፤
ከዚያ ገፈፍነውና ጥላ ውስጥ አቆምነው።

ሁለተኛው ቆመ።

አንድ ሰዓት ሙሉ እሳት ፊቱን ሲልሰው፣
ቅቤው ከጀርባው ዝም፤ ዳር ዳሩን ብቻ ላበው።
ጠጋ ብላ እማዋይሽ በጣቷ ዛቀችው፤
ምንም አላለችንም፣ ፀጉሯ ላይ አሸችው።

አሁን በእሷና በልብስ ሰፊው መሀል
ያ ሻካራ ግድግዳ ሱቋን አዝሎ ቆሟል።
ትናንት አንዲት እናት አንቀልባ ስትመርጥ
ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ምርጉን ሲልጥ፣
አንዲት ቅርፊት ነቅሎ ወደ አፉ ሊያስገባ፣
ጣቴን ሰደድኩና ነጠቅሁት፤ አነባ።

ሠላሳው ሱቅ ግን ዛሬም እንጨት ነው፣ ቆርቆሮ።
ጓንጉል ኬሻ ይቆጥራል በጣቶቹ፣ አቀርቅሮ።
እማዋይሽም ማታ በሯን ስትቆልፍ
ባልዲዋን ሞልታ ታኖራለች ከደጃፍ።