ማቆሚያ ቁልፍ

ወንዙ ውርጭ ይተፋል፤ ሐምሌ ነው፣ ሞንቴቪዲዮ።
ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሶፋው ላይ ኤላዲዮ፣
«ምን ያስወጣሻል?» አላት፣ «እዚህ፣ ሸንቼ እስክመጣ፣
ንጉሡ ሰይፍ እንደመዘዘ ይቆማል ያለ ቁጣ።»

ኔሊዳ ዝም ብላ ቆለፈች ካፖርቷን፤
አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆጠረች ሳንቲሟን።

አምስት ሰው ባዳራሹ። ወንበር ሲጢጥ ይላል።
ማቆሚያ ቁልፍ የለው፣ ሽማግሌው ያስላል።
መሃል ላይ፣ ከኋላዋ፣ አንድ ሰው አለቀሰ፤
ዞራ አላየችውም።
የሷም ጉንጭ ራሰ።

ስትመለስ ሶፋው ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤
ንጉሡ፣ ሰይፉን መዞ፣ እስካሁን ይጠብቃል።

«ፊልሙ እንዴት ነበረ?» አለ ዓይኑን እያሻሸ።
«እኔ እንጃ... ከኋላዬ አንድ ሰው...»
አለች።
«ተነሥ፣ መሸ።»